በጨርቅ የሰፋሁት የሞጣ መንገድ

ሰው ስደቱን ሲያወራ «በዚያች ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኔ የወጣሁት በቀን ነው። የቢቸና የገበያ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ሰውና አህያ ተደባልቆ መንገዱ አላሳልፍ ያለበት ሰዓት። እማዬ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።

«ሞጣ ደርሼ ልምጣ። ለተመስገን ብርድ ልብሱን ላድርስለት» አልኳት።

«ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

«ሦስት ቀን።»

«ዝናቡ ሳይገባ ተመለሺ እንግዲህ፤ ጣሪያውን ብቻዬን አላስከድነውም» አለችኝ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

ስንብታችን ይኼው ነው። አልተሳሳምንም። ለሦስት ቀን ማን ይሳሳማል?

ተመስገን ታናሽ ወንድሜ ነው። ሞጣ አስተማሪ ነበር። እኔ ስመኝ ደግሞ ቢቸና በአንዲት ጠባብ ክፍል በእግር መኪና ልብስ እሰፋ ነበር። በዚያው ጠዋት የተመስገን የሥራ ባልደረባ፣ መምህር ዓለሙ፣ ሱሪ ይዞ መጣ። «ይኼን አሳጥሪልኝ» አለኝ ጮክ ብሎ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሞጣ ላይ የሚታሰሩ ሰዎች ስም ዝርዝር መውጣቱን፣ የተመስገን ስም እዚያ ውስጥ እንዳለ፣ እሱም አቶ ጀማል የሚባሉ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ቤት መደበቁን ነገረኝ። «ብቻውን ከወጣ ኬላ ላይ ይይዙታል። ከሴት ጋር ከሆነ ባልና ሚስት ይመስላሉ።» እሱ እያወራ እኔ ሱሪውን እለካ ነበር። አሳጥሬ ሰጠሁት። ሁለቱም እግር እኩል ነበር። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ከመኪናዬ መሳቢያ አንድ ፎቶግራፍ አውጥቼ ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቀለልኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ተመስገን ሞጣ ሲመደብ ልሸኘው አብሬው ሄጄ ነበር። ከደብረ ወርቅ አለፍ እንዳልን የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲቆም ካሜራ ይዞ አብሮን የተሳፈረው መምህር ዓለሙ «ቁሙ ላንሣችሁ» አለን። ተመስገን ሻንጣውን ራሱ ላይ አድርጎ ይስቃል። እኔ ገብስማ ዶሮ አቅፌያለሁ። ዶሮዋን የሰጠችን እማዬ ናት፤ «ልጄ የሆቴል ወጥ እንዳይለምድብኝ» ብላ። ከኋላችን አውቶቡሱ፣ ከአውቶቡሱ በላይ ጮቄ ጉሙን እንደለበሰ። እኔ በፎቶው ላይ የተኮሳተርኩት ዶሮዋ እየቧጠጠችኝ ስለነበር ነው።

ሞጣ ስደርስ አቶ ጀማል ወረቀቱን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። የሐረር ሰው ናቸው፤ ከእኛ ጋር ዝምድናም ሃይማኖትም አያገናኛቸውም። «አንቺ በሽተኛ ነሽ፤ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎልሻል። እሱ ባልሽ ነው» አሉኝ። «እርስዎስ? ቢጠይቁዎትስ?» ስላቸው «እኔ በሽተኛ ነው የላክሁት» አሉ። ምን እንደደረሰባቸው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ባሕር ዳር መግቢያ ኬላው ላይ ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ ወረቀቱን ገለበጠ፣ ዘቀዘቀ፣ መልሶ አቃናው።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ሆዴን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት» ስል ተመስገን እኩል «ከአምና ጀምሮ» አለ።

ጥበቃው ሁለታችንንም አየ። «ስትገቡ ባልና ሚስት መሆናችሁን ተጠራጥሬ ነበር» አለ ወረቀቱን እየመለሰ፤ «አሁን አመንኩ። በአንድ ነገር እንኳ አትስማሙም። ሂዱ።»

ተመስገን አውቶቡስ ውስጥ ተመልሶ ሲቀመጥ ሳቁ መጣበት፤ በብርድ ልብሱ አፉን አፈነ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ጎንደር ላይ አድርሼው ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ጎንደር ስንደርስ ግን ከቢቸና እህል ይዞ የመጣ ነጋዴ አገኘንና ሰዎች ሱቄን አሽገው መሄዳቸውን፣ እማዬንም «ልጆችሽ የት ናቸው?» ብለው ጠይቀዋት «ሞጣ» ማለቷን ነገረን። እሷ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። እንግዲህ መመለስ የሚባል ነገር አበቃ። ከአምስት ሰዎች ጋር መንገድ መሪ ይዘን በእግራችን ወደ መተማ ቆላ ወረድን።

የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ቀን ተመስገን ትኩሳት ያዘው። ድንጋዩ በሚፋጅበት ፀሐይ «እታለም፣ በርዶኛል» ይለኛል። ብርድ ልብሱን አለበስኩት። አሁንም «በርዶኛል» ይላል። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማለቱን አቆመ። መሪያችን ፀሐዩን አየ፤ እኔን አላየኝም። ወንዶቹ ግራር ሥር በእጃቸውና በዱላ ቆፈሩ፤ መሬቱ እምቢ ሲል ድንጋይ ከመሩበት። ከመካከላችን ቄስ አልነበረም። አንዱ «አቡነ ዘበሰማያት» ጀምሮ መሃሉ ላይ ጠፋው፤ እኔ ጨረስኩለት። ፎቶግራፉን ተመስገን መንገድ ላይ ልየው ብሎ ተቀብሎኝ ኪሱ ከትቶት ነበር፤ አውጥቼ ያዝኩት። ከዚያ ተነሥተን ሄድን።

አላለቀስኩም። ይኼን የምጽፈው የሚፈርድ ካለ እንዲፈርድ ነው። ወንድሟን ቀብራ ማታውኑ ውኃ ያገኘች ሰው፣ ጠጥታ ተኛች።

ድንበሩን ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግብ መኮንን ጠረጴዛ ፊት አቆሙኝ። አስተርጓሚው አማርኛ የለመደው እዚያው በሥራው ላይ ነበር፤ ከመኮንኑ ቋንቋ ግማሹን፣ ከእኔም ግማሹን ይጥል ነበር።

«ስምሽ?» ነገርኩት። «የአባት? የአያት?» ነገርኩት። «የአያት አባት?»

«እሱን ቢቸና ሄዳችሁ ጠይቁ» አልኩ። አስተርጓሚው ይኼን አልተረጎመም።

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ከወንድሜ ጋር።»

«የታለ?»

«መንገድ ላይ ቀረ።»

ሁለቱ ተነጋገሩ። መኮንኑ ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር ጽፎ ማኅተም መታበት። ካርዱን ኋላ ያነበበልኝ ሰው «ሁለት ሰው፤ አንዱ ገና ይመጣል» ይላል አለኝ። ልመለስና ላስተካክለው? ሰልፉ እስከ ውጭ ነው። ምን ብዬስ ነው የማስተካክለው? ዱቄት ሲታደል የሁለት ሰው ሰፈሩልኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ። የሱን ድርሻ ለብቻ አስቀምጬ ቆየሁ፤ ነቀዝ ሲገባበት በላሁት።

ከዚያ ካርቱም። ስለ ካርቱም ምን ልንገራችሁ? ሐምሌ ላይ ቢቸናን የሚውጠውን ጉም አስቡት፤ ያው ጉም ነው፣ ግን አሸዋ ነው። «ሀቡብ» ይሉታል። ሲመጣ በር ዘግተህ ትቀመጣለህ፤ ሲሄድ ጥርስህ ውስጥ ጥሎልህ ይሄዳል። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ታሞ የተነሣ እንጀራ ይመስላል፤ ስስ፣ ዓይን የሌለው። ሰዎቹ ግን ሰላምታቸው የእኛን ያህል ረጅም ነው፤ እሱ ብቻ አላስከፋኝም።

ክፍል ያከራየችኝ ሐጃ የምንላት ወፍራም ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ግን ወጥ በሠራሁ ቁጥር ደጃፌ ላይ ትቆማለች።

«ያ ሐበሺያ»፣ አንቺ ሐበሻ ማለቷ ነው፤ «ይኼ ሽንኩርት ከጠዋት ጀምሮ ነው?»

«ገና ነው ሐጃ። ይቁላላ።»

«የእኛ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ይበስላል፣ ያልቃል። ያንቺ ሽንኩርት ምን አጥፍቶ ነው?»

ማማሰሌን ቀጠልኩ። አረብኛዬ ለመልስ አይበቃም ነበር።

ሥራ ፍለጋ ስዞር ለስደተኛ ሴቶች ስፌት የሚያስተምር ቤት አገኘሁ። መምህርቷ ፈረንጅ ናት፤ «ሲስተር» እንላታለን። እኔ መስፋት እንደምችል ስታይ ደስ አላት፤ የሚሠራው ግን ልብስ አልነበረም። መዳፍ ተኩል የምታህል የጨርቅ ፖስት ካርድ ነው፤ ሥዕሉ በቁርጥራጭ ጨርቅና በክር የሚሰፋ፣ ለፈረንጆች የሚሸጥ። ግመልና ቴምር ዛፍ ሰፍተን ሰፍተን ሲሰለቻት፣ አንድ ቀን በአስተርጓሚዋ በኩል እንዲህ አለችን፦

«ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችሁ የጉዞ ፎቶግራፍ አምጡ። በጉዟችሁ ላይ ከተነሣችሁት የምትወዱትን። ያንን ወደ ጨርቅ እንለውጠዋለን።»

ከጎኔ የምትቀመጠው እትዬ ብርነሽ፣ የጎንደር ሴት፣ «በየትኛው ሽርሽራችን?» አለች። አንዷ ስትስቅ ሁላችንም ሳቅን። የሳቅነው ግን እንደሚሳቅ አልነበረም፤ አስተርጓሚዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሲስተርም ቀልዱ ሳይገባት አብራን ሳቀች።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሃያ ሴት ፎቶግራፍ ያመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፎቶው በላብ ተጎድቷል። የተመስገን ፊት ላይ ውኃ ገብቶበት ግማሹ ነጭ ሆኗል፤ እኔና ዶሮዋ ደኅና ነን። ሲስተር አየችውና «ቆንጆ ነው፤ ጀምሪ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ይኼን ካርድ ለሽያጭ ሳይሆን ለእማዬ ልልከው የወሰንኩት። ደብዳቤ መላክ አልችልም፤ ቢቸና ላይ የሚደርሰው በሌላ ሰው ተከፍቶ ነው፤ የኮበለለ ልጅ እናት መሆኗ በጽሑፍ ይያዛል። ፎቶውን ራሱን ብልክ ደግሞ የተሸካሚውን ነፍስ መሸጥ ነው። ጨርቅ ግን ጨርቅ ነው። የተሰፋ ሰው ፊት የለውም።

አቡጀዲ በአሚዶ አድርቄ መደቡን አበጀሁ። ለሰማዩ ከሸሚዝ የተረፈ ቴትረን። ለጮቄ ጥቁር አረንጓዴ የሱሪ ጨርቅ፤ ለጉሙ ከነጠላዬ ጫፍ የቀደድኩት ስስ ፈትል። ለመንገዱ የጆንያ ክር። አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙ ጠፋኝ። የተሳፈርኩበት፣ የተገፋሁበት፣ ጎማው ሲለወጥ ጥላው ሥር የቆምኩበት አውቶቡስ! ሦስት ቀን አሰብኩ። ቀይ አደረግሁት፤ ቀይ ቁራጭ ነበረ።

ዶሮዋን ጥቁርና ነጭ ክር አንድ መርፌ ላይ ሰክቼ ነጥብ በነጥብ ሰፋሁ፤ ገብስማ የምትባለው እንደዚያ ስትሆን ነው። ራሴንም ሰፋሁ። ለሱ ካኪ ጨርቅ ቆረጥኩ፤ ትከሻው፣ ክንዱ፣ ሻንጣው፤ ጥፍር የምታህል ሻንጣ። ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሌላው ሁሉ አልቋል፤ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

እትዬ ብርነሽ አየችኝ። «ይኼ ቦታ ምንድን ነው?»

ከወጣሁ ጀምሮ ለማንም ያልተናገርኩትን ለሷ ተናገርኩ። በአጭሩ ነው የነገርኳት፤ ግራሩን፣ ድንጋዩን። ሰምታ ስታበቃ እጇን ካርዱ ላይ አደረገች።

«እናትሽ ዘመድ አላት እዚያ?»

«እህት አላት፤ ጎረቤት አለ።»

«ይኼ ሲደርሳት አብረዋት ይኖራሉ?»

«በምን ይታወቃል እትዬ?»

«እንግዲያ እንዲህ ባዶ አድርገሽ አትላኪው። መርዶ ሽማግሌ ይዞ ማልዶ ነው የሚሄደው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ። እናት ብቻዋን ቁጭ ብላ ከጨርቅ ላይ ልጇን ልታጣ ነው? ነውር ነው።»

ሰፋሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ሻንጣውን ራሱ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ካርዱን ገልብጬ በጀርባው ቃል ልጽፍ በክር ጀመርኩ። «ደኅና» ብዬ ሰፋሁ። ቀጥሎ «ነኝ» ልበል «ነን»? መርፌዋን ይዤ ተቀመጥኩ። «ነኝ» ካልኩ ነገርኳት ማለት ነው። «ነን» ካልኩ ደግሞ ዋሸኋት። ክሩን እዚያው ቋጠርኩና ዳሩን ዙሪያውን ዘመዘምኩት። «ደኅና» ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሲስተር ካርዱን ለኤግዚቢሽን ልትሰቅለው ፈለገች። «የሚሸጥ አይደለም» አልኳት። «ግን ጨርቁ የፕሮጀክቱ ነው» አለች። «ነጠላው የኔ ነው፤ የናንተን ሰማይ ልመልስላችሁ?» አልኩ። አስተርጓሚዋ ምን ብላ እንደተረጎመችው እንጃ፤ ሲስተር ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሰጠችኝ።

የእትዬ ብርነሽ የአክስት ልጅ ድንበር እየተሻገረች የምትነግድ ሴት ነበረች። ካርዱን በቀሚሷ ገበር ውስጥ ሰፋንላት። ሄደች። ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተመለሰች።

«እናትሽን አየኋት» አለችኝ። «ካርዱን ስሰጣት መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ያዘችው። ከዚያ በጣቷ ዳሰሰችው። ‹ገብስማዬ› አለች። ዶሮዋን ነው የለየችው በፊት። ሌሊቱን እሷው ቤት አደርኩ። ጠዋት ስነሣ ‹አውቶቡሱ ሰማያዊ ነበር በያት› አለችኝ።»

«ስለ ተመስገንስ?»

«ይኼን ለሱ ብላለች» ብላ ከጆንያ ውስጥ ጋቢ አወጣች። አዲስ፣ ከባድ፣ ባለ አራት እጥፍ ጋቢ። እማዬ ራሷ የፈተለችው። በካርቱም፣ በግንቦት!

ሐጃ ሲዘረጋ አይታ «ይኼ ለማን ነው? ለግመል?» አለችኝ። «ለወንድሜ» አልኳት። ያን ቀን ስለ ሽንኩርቱ ሳትናገር ገብታ ሄደች።

ጋቢውን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አንዳንዴ አወጣዋለሁ፤ አናፍሰዋለሁ፤ መልሼ አጥፈዋለሁ። ለበስኩት ብዬ አልዋሻችሁም።

ካርዱን ከላክሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ቢቸና ስልክ ቤት ሰው ማስጠራት እንደሚቻል የሰማሁት። ነገሩም ትንሽ ረገብ ብሏል ይሉ ነበር። ቀኑን ለእማዬ በሰው አስነግሬ ካርቱም ፖስታ ቤት ሄድኩ። ከሰዓታት በኋላ አንዷን የስልክ ሣጥን አሳዩኝ፤ ገባሁ። በመስመሩ ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ አለ። የቢቸናው ስልክ ሠራተኛ «እማማ፣ በዚህ በኩል ነው ጆሮዎን የሚያደርጉት፤ አይጩኹ» ሲል ይሰማኛል።

«ሃሎ! ማነሽ?» አለች እማዬ፣ እየጮኸች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ጣሪያውን አስከድኛለሁ» አለችኝ።

«እሰይ። ጤናሽስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጋቢው ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ለበሰው?»

«ለብሶታል እማዬ።»

«ልኩ ነው?»

«ልኩ ነው።»

«እስቲ አቅርቢልኝ፤ ድምፁን ልስማው።»

ሣጥኑ ውስጥ ሙቀቱ አይጣል ነው። «ሥራ ወጥቷል» አልኳት።

«በሰንበት?»

ቀኑ እሑድ መሆኑን ረስቼው ነበር። እዚህ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። «እዚህ በሰንበትም ይሠራል» አልኩ።

የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። አሁን አትጮኽም ነበር። ድምፅዋ ከጎኔ የተቀመጠች ያህል ዝቅ ብሎ መጣ። «ይረፍ እንግዲህ ልጄ። ብዙ ደከመ። ይረፍ።»

«እማዬ...»

«አንቺ እህል ብዪ። እህል አትተዪ» ስትል ሠራተኛው «ሰዓት ሞልቷል» አለና መስመሩ ተዘጋ።

ከሣጥኑ ውጭ የቆመው ተራ ጠባቂ መስታወቱን አንኳኳ። «ኸላስ?» አለኝ፤ ጨረስሽ ወይ ማለቱ ነው። አዎ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ስለ ጤፉ ትነግረኛለች፣ ስለ እህቷ ጉልበት፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ። ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች። ስለ ተመስገን አትጠይቀኝም። እኔም አልነግራትም።